ከእትዬ የሺመቤት እጅ

ልጅ ሳለሁ እሁድን እወደውም እፈራውም ነበር። ያኔ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፤ አባቴ ጫካ ገብቷል፤ ቤታችን ተቃጥሎ የእናቴ አጎት አባ ዘሪሁን አስጠግተውናል። አባቴ በየእሁዱ ሲመሽ ወንዙን ተሻግሮ ይመጣና ትኩስ ነገር ቀምሶ ይመለሳል። ይህን የሰንበቴያችን ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዱ ቢያወራ አባቴ አለቀለት።

እሱን ስንጠብቅ፣ ብርሃኑ ከሩቅ እንዳይታይ ኩራዙን አጥፍተን በፍሙ ዙሪያ እንቀመጣለን። አባ ዘሪሁን ተረት ያወራሉ፤ እኔ ጭሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ በአንድ ጆሮዬ እሳቸውን፣ በሌላው የውጭውን ኮቴ አዳምጣለሁ። አንዱ ተረታቸው እንዲህ ነበር፦ «ሰዎች ያማረ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። እግዜር መልአኩን ‘ውበቱን አይተህ ንገረኝ’ ብሎ ላከው። መልአኩም ቁስለኛ ለማኝ መስሎ ሄደ። ሲመለስ ‘እንዴት ነው?’ ቢለው ‘ምን አውቄ ጌታዬ! ከደጅ መለሱኝ’ አለው።» እኔ እስቃለሁ። እሳቸው ግን አይስቁም።

የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴ የምንለው፣ እሳቸው ነበሩ። በየወሩ ተረኛው ዳቦና ጠላ ደግሶ ከቅዳሴ በኋላ ያበላል፤ ከዚያ ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ በእጁ ያስረክባል። ያን ወር ጽዋው እትዬ የሺመቤት ቤት ነበር። ከወሰዱት በኋላ ግን ባላቸው ባንዳ ሆነ፤ ቤታችንን ያቃጠሉትን ወታደሮች መርቶ ያመጣው እሱ ነው።

የሰንበቴው እሁድ ሲደርስ ይመጣሉ ያለ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን እንስራቸውን አዝለው፣ ዳቦውን ታቅፈው ሰንበቴ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እኔ ነኝ የጮኽኩት፦

«የባንዳ ሚስት! ውጪልን!»

በስመ አብ! ታላቅ ሴት አንቺ ብዬ ስጮህ የተቆጣኝ አልነበረም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው። መርዝ ቢሆንስ?» አሉ።

አባ ዘሪሁን ተነሡ። «እኔ ሙሴ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ተረኛው ጽዋውን ከእጇ ካልተቀበለ ሰንበቴው ዛሬ ፈረሰ።»

ተረኛዋ እናቴ ነበረች። ተነሣች፤ ከቃጠሎው እህል ስታወጣ የተጠበሰ ክንዷ ገና አልዳነም። እምቢ እንድትል በልቤ ለመንኩ።

«አንቺን አልጠላሽም ብል ውሸቴን ነው» አለች። «ሌሊት ሌሊት ስረግምሽ ነው የማድረው። ግን ጽዋው የእግዜር ነው። አምጪው።»

ተቀብላ ጠጣች። እትዬ የሺመቤት አንገቷን አቅፈው ሲስሟት የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። መርዝ ነው ብዬ ጮኽኩ። እናቴ ግን ቁንጥጥ አድርጋኝ ተቀመጠችና ዳቦዋን ቀስ ብላ በላች። አባ ዘሪሁንን በጆሯቸው አንድ ነገር አለቻቸው፤ እሳቸውም ብትራቸውን አንሥተው ወጡ።

ያን ማታ ተረት የለ፣ እሳት የለ። ከወንዙ በኩል ተኩስ ሰማን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አነባች። አባ ዘሪሁን ጎህ ሲቀድ ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡና «ደረስኩበት። ከማዶ መለስኩት፤ የተኮሱት በጥላ ነው» አሉ። ለካ እትዬ የሺመቤት ሲስሟት «ዛሬ ማታ ወንዙ ዳር ይጠብቁታል፤ እንዳይመጣ» ብለዋት ኖሯል።

አገር ነጻ ወጥቶ፣ እኔም ባል አግብቼ፣ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ያን ቀን ብንመልስዎስ ኖሮ?»

«ምን ልዋሽሽ ልጄ! ልናገር ብዬ ነው የመጣሁ። ደጅ ላይ ያ ስድብ ሲያገኘኝ ግን ‘የራሳቸው ጉዳይ’ ብዬ ነበር። እናትሽ ‘አምጪው’ ባትል እንስራዬን አዝዬ ዝም ብዬ እሄድ ነበር።»

አባቴ የልጅ ልጅ ስሞ ነው የሞተ። እትዬ የሺመቤትን እንደ እኅቱ አከበራቸው፤ በየፋሲካው ማዕዳችን ላይ ይቀመጡ ነበር። ደጅ ላይ የሰደበቻቸው ማን እንደ ነበረች ግን አንድም ቀን አልነገሩትም። እኔም አልነገርኩትም።