ለዘጠነኛ ክፍል የተሰጠው መሬት

የኛ ሰፈር ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ደርግ አባቴንና ጎረቤቶቹን ከወሎ ጭኖ አሶሳ ዙሪያ ሲያራግፍ ለመንደሮቹ ስም ለማውጣት ጊዜ ያገኘ ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ በቁጥር ጠሩንና በዚያው ቀረ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ አሁን እዚሁ ሒሳብ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። ዘጠነኛ የደረሰ ልጅ አሶሳ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ሴቷ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ ሳትደርስ ትዳራለች። ድሮ ይኼን ስናገር ያንገበግበኝ ነበር። አሁን ስለ ዝናብ እንደማውራት ሆኖብኛል።

ከድንበሩ ማዶ ጦርነቱ ሲብስ ሰዎች በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ገቡ። አብዛኞቹ ወደ መጠለያ ጣቢያ ተወሰዱ። ጥቂት ቤተሰቦች ግን እንደ አካባቢው ነባር ሰዎች በርታዎች ስለሆኑና ወገን ስላላቸው እኛ ቀበሌ ቀሩ። የቀበሌው ምክር ቤት ተሰብስቦ "ወንድሞቻችን ናቸው፣ ይስፈሩ" ብሎ እጅ አወጣላቸው። ወንዝ ዳር ያለውን መስክ የሰጧቸው አንድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። መሬቱ በወረቀት የመንግሥት ነው፤ በሰው አፍ ግን የሽማግሌው ዘመዶች ነው። አባቴ የሚያርሰው ማሳም ድሮ ከእሳቸው አባት እጅ የወጣ ነው።

ከስደተኞቹ የአንዷ ልጅ ሰባተኛ ክፍል እኔ ዘንድ ገባች። አገሯ የተማረችው በዓረብኛ ነው። አማርኛን የለመደችው መጀመሪያ ከክፍሉ ልጆች ስድብ ነው፤ ሒሳብ ላይ ግን ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። ስምንተኛ ስትገባ ሰኔ ላይ የክልሉን ፈተና ለመፈተን ተመዘገበች። እናትየዋ የምታስበው ይኼንኑ ብቻ ነበር። ልጄ ፈተናውን ካለፈች ከእንግዲህ ማንም ከትምህርት አያስወጣትም ብላ አምናለች። ባሚያዋን ይዛ ወደ ገበያ ስታልፍ በመስኮት ብቅ ትላለች። ወንዱም፣ እንደ እኔ ያለችው ሴትም ለእሷ "አንተ" ነው። "ቲቸር፣ አንተ ንገረኝ፣ ልጄ ያልፋል?" ትለኛለች። "ያልፋል" እላታለሁ። ክፍሉ ይስቃል።

ነገሩን ያበላሸው ማንጎ ነው። በኛ አካባቢ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሰው መሬት ቢያውስህ ማሽላ ትዘራለህ፣ ቦሎቄ ትዘራለህ፣ ምርትህን ሰብስበህ ትወጣለህ። ዛፍ ግን አትተክልም። ዛፍ የተከለ ሰው መሬቱ የኔ ነው፣ ልጄም ይወርሰዋል ማለቱ ነው። እናትየዋ ይኼን ከኔ በላይ ታውቃለች። ነገር ግን በክረምቱ የችግኝ ዘመቻ ቀበሌው ነዋሪ ሁሉ ይውጣ ሲል ስደተኞቹም ወጡ። የግብርና ባለሙያው የተረፈውን የማንጎ ችግኝ ተሸክሞ መመለስ ሰለቸውና ለእነሱ አደለው፤ "ደጃችሁ ላይ ትከሉት፣ እንዳይደርቅ" አላቸው። በሰው አገር ተጠግቶ መንግሥት ትከል ያለውን አልተክልም የሚል የለም። ተከሉ። እናትየዋማ ከወንዝ ውኃ እየቀዳች በጋውን አሻገረችው። ቢደርቅ የምትጠየቅ መስሏት ትፈራ ነበር።

የካቲት ላይ አንድ ባለሀብት ያንን መስክ ለአትክልት ልማት ፈለገው። ካገኘ ለዘጠነኛ ክፍል የሚሆኑ ሁለት የብሎኬት ክፍሎች ሠርቶ ያስረክበናል። መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ስለዚህ አልሸጥንም፤ "ለልማት አስተላለፍን" ነው የተባለው። ምክር ቤቱ የተሰበሰበው እኔ በማስተምርበት ክፍል ነው። አባቴም ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ተወካይ ሆኖ ከኋላ ተቀምጧል። እኔ የተጠራሁት ስለ ትምህርቱ እንዳስረዳ ስለነበር አስረዳሁ። ክፍሎቹ ያስፈልጉናል አልኩ፤ እውነቴን ነው። ቀጥዬም ስደተኞቹ እስከ ሰኔ ይቆዩ፣ ልጅቷ ትፈተን፣ ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ይሁን አልኩ። ሊቀመንበሩ "ምን ችግር አለው፣ ሰውዬውም ቢሆን ከክረምት በፊት ሥራ አይጀምርም" አለ። ያኔ የተሳካ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ተነሡ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ቃሉን እየመረጡ ነው የሚናገሩት።

"እኔ መሬት ሰጠሁ፣ ለማሽላ። ትናንት ሄድኩ፣ አየሁ። ማንጎ ቆሟል። ማሽላ የሚዘራ ሰው እንግዳ ነው። ማንጎ የሚተክል ሰው እንግዳ አይደለም።"

"አባባ፣ ችግኙን የሰጣቸው እኮ ቀበሌው ነው፣ በዘመቻው ጊዜ" አልኳቸው።

የግብርና ባለሙያው ስልኩን ይጎረጉር ነበር። ቀና አላለም።

"ቀበሌ ሰጠ፣ እሺ። ወላሂ፣ ከቀበሌ ጋር እኔ አልጣላም። ቆፍሮ የተከለ እጅ የማን ነው?"

መልሱ የነበራት እናትየዋ ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አልጠራትም። ስደተኞቹ በቶሎ ወደ መጠለያ ጣቢያው ይሂዱ የሚለው ለድምፅ ቀረበ። እጆች ወጡ። ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። በመኪና ተጭኖ መጥቶ በሰው መሬት ላይ የተራገፈ ሰው ነው። ግራና ቀኙን አየ፣ ከዚያ እሱም እጁን አወጣ።

ወደ ቤት ስንሄድ "አባዬ፣ አንተ እንኳ?" አልኩት።

"አንቺ ልጅ" አለኝ፣ "እኔ እዚህ አገር ይኼን ሁሉ ዘመን በሰላም የኖርኩት ሰው እጁን ሲያወጣ አውጥቼ፣ ሲያወርድ አውርጄ ነው። ዛሬ 'የመጣ ሁሉ ይቆይ' ብል፣ ነገ 'አንተስ መቼ መጣህ?' ይሉኛል።" ጥቂት እንደሄድን ደግሞ "አብሽሪ፣ እዚያም ትምህርት ቤት አለ አሉ" አለ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ቁጣው አልመጣልኝም። ገብቼ እራቴን በላሁ፣ የልጆቹን ደብተር አረምኩ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ እናትየዋ ማንጎዎቹን ከነሥራቸው ነቅላ፣ በነጠላዋ አዝላ፣ ሽማግሌው ደጅ ወስዳ ዘረገፈቻቸው። በበርትኛ ምን እንዳለቻቸው ልጅቷ ናት የነገረችኝ፤ "ዛፉ ይኸው። አሁን እንግዳ ነኝ" ነው ያለችው። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ደነገጡ። ማሽላ አስሰፍረው ሰጧትና ዱላቸውን ይዘው ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዱ፤ "እኔ ተናደድኩ፣ አሁን አልፏል፣ ይቀመጡ" አሉት። ሊቀመንበሩ ግን ቃለ ጉባኤው ወረዳ ደርሷል አላቸው። ወረዳ ደርሶ የተመለሰ ቃለ ጉባኤ እኔም አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ብዙ ቀን ከቤት አልወጡም ሲባል ሰማሁ።

የጭነት መኪናው የመጣው ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ልጅቷ በር ላይ ቆመች። የሒሳብ መጽሐፏን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ውሰጂው፣ አንቺ ጋ ይሁን" አልኳት።

"የመንግሥት ነው፣ ቲቸር" አለችኝ። ገፋ ባደርግላትም አልነካችውም። ሄደች። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የጀመርኩትን እኩልታ ጨረስኩ፤ ልጆቹም ገለበጡ።

ባለሀብቱ ቃሉን አክብሮ ክፍሎቹን ከታሰበው ቀድሞ አስጀመረ። ግንቦት ላይ ጣሪያቸው ወጣ። ጥሩ ክፍሎች ናቸው፤ መስኮታቸው ሰፊ ነው፣ ዝናብ አያስገቡም። የጎረቤቶቼ ሴቶች ልጆች ለመስከረም እንዲመዘገቡ ተነግሯቸው በሩቅ እያዩ ይጠቋቆማሉ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሰዉ "እንኳን ደስ አለሽ" ሲለኝ "እንኳን አብሮ ደስ አለን" እላለሁ።

በዚያው ወር መጠለያ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። የልጅቷን የፈተና ጉዳይ እጨርሳለሁ ብዬ ነው፤ ቢቻል ለፈተናው ሰሞን እኛ ቤት አሳድራታለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ያለፈቃድ ከጣቢያው መውጣት አይቻልም፣ ፈቃዱም ለፈተና አይደርስም አሉኝ። ትምህርት ቤቱን ጠየቅኩ። በሸራ የተሠራ ነው፤ ለጊዜው የሚያስተምረው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ዝም ብላ ከምትቀመጥ ብላ እናቷ እዚያው አስገብታታለች።

ምንጣፍ ላይ በትንንሾቹ መካከል ተቀምጣ አገኘኋት። ስታየኝ ተነሣች፣ በቁመት ከአስተማሪው እኩል ሆነች። ሰሌዳው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ተጽፏል።

"ትምህርቱ እንዴት ነው?" አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

"ቀላል ነው፣ ቲቸር። ሁሉን አውቃለሁ" አለችኝ። ቀጥላም "እነሱ ተዘጋጁ? ለፈተና?" ብላ ስለ ክፍሉ ልጆች ጠየቀችኝ። ተዘጋጅተዋል አልኳት።

እናቷ ውኃ ለመቅዳት ተሰልፋ ስለነበር አላገኘኋትም። ላገኛት መፈለጌንም እንጃ፤ በመስኮት ስትጠይቀኝ የኖረችውን መልሳ ትጠይቀኝ ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

"እህ፣ ትማራለች?" አለኝ።

"ትማራለች።"

"ትምህርቱ ከበዳት?"

"ኧረ፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት" አልኩት።

"አልሃምዱሊላህ!" አለ። ከሄዱ ወዲህ እንዲህ ፊቱ ሲፈካ አይቼው አላውቅም። "አላልኩሽም?" አለኝ።