ጨው የሌለው ምስር

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ቁርስ ቤት አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከእንጦጦ የእግር ጉዞ የሚመለሱ ሰዎች ላባቸው ሳይደርቅ ይገቡና «ዘይት ያልበዛበት፣ ለጤና የሚሆን ምን አለ?» ይሉኛል። ምስር አለ፣ ቀይ ሥር አለ፣ ቅቤ ያልነካው ቅንጬም አለ እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል፤ ያዛሉ። ከዚያ «መሃል ላይ ደግሞ አንድ ጥብስ ጣል አድርጊልን» ይላሉ። ጥብሱ ያልቃል፣ ምስሩ እንዳለ ይመለሳል። ጤናማ ምግብ በእኔ ቤት የሚጠየቅ እንጂ የሚበላ አይደለም።

ባለቤቴ ከነዚህ ተጓዦች አንዱ ባይሆን ኖሮ ስቄ ባለፍኩት። ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሐኪሙ ጨውና ቅባት ከልክሎታል። እኔ ፊት እንደ ጨዋ ልጅ ጨው የሌለው ምስር ያዛል። ጓደኞቹ ግን በየተራ ጥብስ እየጠቀለሉ ያጎርሱታል። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም፤ በተለይ ከጓደኞቹ መሃል በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት ጡረተኛ ሲያጎርሱት አፉን ከመክፈት ሌላ ምርጫ የለውም። ቤት ገብተን ስቆጣው «እኔ መቼ ጥብስ አዘዝኩ?» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ የጡረተኛው እጅ ወደ አፉ ሲሄድ አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ ይተዉት! ግፊት አለበት፤ ልትገድሉብኝ ነው እንዴ?» አልኩ። ለካ ለአንዳቸውም አልነገረም። ጡረተኛው ጉርሻውን ቀስ ብለው ትሪው ላይ መለሱት።

ከዚያ ወዲህ ማንም አላጎረሰውም። ግፊቱ ወረደ። እሱ ግን መሃላቸው ተቀምጦ ምስሩን ብቻውን ይበላል፤ ጨዋታውም ቀዘቀዘ። አንድ ቀን «ከእንግዲህ ቅዳሜ አልሄድም፤ እንደ በሽተኛ እየተጠነቀቁኝ ነው» አለኝ። ላድነው ብዬ ጓደኞቹን ላሳጣው ነው ብዬ ፈራሁ። በስንት ልመና መልሼ ላክሁት።

ያን ቀን ምስሩን ሳቀርብለት ከእንጀራው ሰፋ አድርጎ ቆረሰ፤ ምስሩን ጠቀለለና እጁን ወደ ጡረተኛው ዘረጋ።

«ጋሼ፣ በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ መሸሻ የለም። ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኧረ ይሄ ነገር ጨው የሚባል አያውቅም!» አሉ።

ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማሁ ሳምንታት አልፈው ነበር። ሁለተኛውን ጠቅልሎ ሲዘረጋላቸው፣ በሞቴ እንኳ ሳይላቸው አፋቸውን ከፈቱ።