ካርዱ ላይ ያለችው ቀን

የሕፃናት ሐኪሟን እናቶች «ቁጡዋ» ነበር የሚሏት። ልጅ ሲታመም ግን ከእሷ ሌላ ማንም አይንካብን ባዮች ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ልጇን ያላስከተበች እናት እጇ ላይ ከወደቀች አለቀላት፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይብስ ነበር። ኋላ የጤና ቢሮ ኃላፊ ስትሆን «ሹመት ያዳብር» ያላላት የለም። ሥራዋም ሕፃን መዳሰሱ ቀርቶ ወረቀት መፈረም ሆነ።

ኩፍኝ ገባ በተባለ ሳምንት ወደ አንድ ሩቅ ጤና ጣቢያ ሄደች። የሕሙማኑ ክፍል መግቢያ ላይ ካለው አልጋ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ተኝቶ ዓይኑ ተጣብቆ ያስላል፤ እናቱ በሻርፗ ታራግብለታለች። ኃላፊዋን የድሮው አመሏ ያዛት።

«ምን ሆነሽ ነው ያላስከተብሽው? መውለድ ብቻ! ሁለት እርምጃ መምጣት አቃተሽ?»

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየ። እናቲቱ አልተቆጣችም፤ በላስቲክ የጠቀለለችውን የክትባት ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች።

«አስከትቤዋለሁ እኮ፣ ዶክተር። አንድም ቀን አላሳለፍኩም።»

ኃላፊዋ ካርዱን ተቀብላ ልጁ የተከተበባትን ቀን አየችና ክው አለች። ያን ሰሞን የዚሁ ጤና ጣቢያ ነርስ ደውላላት ነበር፤ «ማቀዝቀዣው ከቆመ አራት ቀኑ ነው፣ ክትባቱን ሙቀት መቶታል፣ እናቶቹን ልመልሳቸው?» ብላ። እሷ ደግሞ የዓመቱን ሪፖርት እያጠናቀቀች ነበር። «ኧረ እንዳትመልሺ፣ ቁጥራችን ይወድቃል! ማቀዝቀዣውን በደብዳቤ ጠይቂ» አለቻት። ደብዳቤው እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ለሪፖርቱ ግን ተጨብጭቦላታል።

ያቺው ነርስ በሩ ጋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ኃላፊዋ ዝም ብትል ከነርሷ ሌላ የሚያውቅባት የለም፤ መኪናውም ውጭ እየጠበቃት ነው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

ይሄኔ እናቲቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ ምናልባት ያን ቀን ስመለስ ፀሐይ አስመትቼው ይሆናል» አለች።

ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ! ኃላፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች።

«አይ እህቴ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለች፣ ቅድም የተቆጣችውን ያህል ጮክ ብላ። «የተበላሸ ክትባት ነው የተወጋው። ይሰጥ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናቲቱ ካርዱን ከእጇ መንጭቃ ወሰደች።

«የእነዚህስ ልጆች?» አለች።

በየአልጋው ያሉት እናቶች ቦርሳቸውን እየከፈቱ ካርዳቸውን እያወጡ ነበር።