ቅቤ የተቀባው ጥሩምባ ነፊ

ልጅ እያለሁ ከንፈሬ የእኔ አልነበረም፤ የአስመራ ብርድ ንብረት ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ያለን ሽማግሌዎች ጭጋግ በመጣ ቁጥር "ኧረ በረደ!" ስንባባል ሳቄ ይመጣል። ይሄ ብርድ አይደለም፣ እርጥብ ፎጣ ነው። የዚያን ጊዜው ብርድ ደረቅ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ ቆማ እያየችን፣ ጥላ ውስጥ ስንገባ ጆሯችንን ይቆነጥጠናል። ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ ተለጥፈን ፀሐይ ስንሞቅ የተሰጣ ቋንጣ እንመስል ነበር። አቧራና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ጉልበታችን ከመንጣቱ የተነሳ በጥፍር ስም ይጻፍበታል። እኔ በገዛ ጉልበቴ ላይ የገዛ ስሜን ስጽፍ ፊደል ገድፌ ጓደኞቼ አርመውልኛል።

በዚያ ከንፈር ነው እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ጥሩምባ ነፊ የሆንኩት። በችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ ጉንጬ ትልቅ ስለነበረ ነው። የስፖርት በዓሉ ሊደርስ ሲል የታችኛው ከንፈሬ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ስነፋ ደም ይመጣል፤ ድምፁም የታመመ ፍየል ይሆናል። የስፖርት አስተማሪያችን "ነገ እንዲህ ከሆንክ ጥሩምባውን ለተስፋይ እሰጠዋለሁ" አሉኝ። ተስፋይ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ከንፈሩ ደህና፣ ምኞቱም ያው ጥሩምባው። እናቴ ግን ልጇ እንደሚነፋ ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች። የሰው ልብስ ስለምታጥብ መምጣት አትችልም። በዚያ ደረቅ አየር ድምፅ ሩቅ ይሄዳልና ከግቢያችን ሆና ልትሰማኝ ነው።

ከንፈሬን ቅቤ ቀባችኝ። ላስኩት። ደግማ ቀባችኝ። ደግሜ ላስኩት።

"አንተ ሆዳም! ለከንፈርህ ነው ለሆድህ?" አለችና ታናሽ እህቴን ጡት ያስጣለችበትን እሬት ቅቤው ውስጥ ጨመቀችበት። "በል አሁን ላስ!"

እኔ ሞኙ ላስኩት።

በማግስቱ ሜዳው መሃል ቆምኩ። ከንፈሬ ለስልሷል፣ ስንጥቁም ገጥሟል። ጥሩምባውን አፌ ላይ ሳደርገው ግን እሬቱ ምላሴን አገኘውና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የመጀመሪያው ጥሪ ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ እንደ ዶሮ ጮኸ። አስተማሪያችን እንባዬን አይተው "ይህ ልጅ ስሜት አለው!" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ተስፋይ አንገቱን ደፋ። ጥሩምባውም እኔው ዘንድ ቀረ።

ለምሳ ሮጬ ቤት ስደርስ እናቴ የልብስ ገመዱ ሥር ቆማለች። ጨምቃ ያልዘረጋችው አንሶላ እጇ ላይ እንደተጠማዘዘ ደርቋል።

"ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ። ሁለተኛው ላይ ማነው ዶሮ ያረደው?"

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆና "ተይ እንጂ! እኛ የሰማነው አንቺ 'የኔ ነው! የኔ ነው!' እያልሽ ስትጮኺ ነው" አለቻት። እናቴ አንሶላውን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች።

ዛሬ ከንፈሬ እንደ ሕፃን ለስላሳ ነው፤ የኦክላንድ ጭጋግ ይመስገን። የልጅ ልጄ ከጎኔ ባለው ክፍል ውስጥ ጆሮዋን በኢርፎን ደፍና ተቀምጣለች። "ምሳ ደርሷል!" ብዬ እጣራለሁ፣ እደግማለሁ፣ በመጨረሻ ቴክስት አደርግላታለሁ። "ካሚንግ፣ አባባ!" ትላለች። እኔም ሳህኑን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ። ድምፄን ያን ሁሉ ሰፈር አሻግሮ የወሰደው ደረቁ አየር ነው ስል ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው፣ አየሩ ብቻውን አልነበረም፤ ማዶ ሆኖ የሚጠብቀው ጆሮም ነበረ።