የሰባ አምስት ዓመቱ ናሆም

ባለፈው ሳምንት የክፍሌን መሳቢያ ሳስተካክል አንድ የተጨማደደ ካርድ አገኘሁ። በእኔው የእጅ ጽሑፍ «ነዋሪ፣ ዕድሜ 75» ይላል። ገና ሳነበው መዳፌን አላበኝ።

ካርዱን የጻፍኩት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ስደተኞች ለሚበዙበት ለሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ቅርብ ስለሆነ ከተማሪዎቼ ግማሾቹ የኢትዮጵያውያን ልጆች ነበሩ። በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን ፈረንጇ ምክትል ርዕሰ መምህር ክፍሌን ሊገመግሙ ቀጠሮ ያዙ። ለከርሞ መቀጠል አለመቀጠሌ የሚወሰነው በዚያች አንድ ሰዓት ነበር። ጠዋት ከሌክ ስትሪት የገዛሁት ሳምቡሳ እንኳ አልወርድ ብሎኝ ቦርሳዬ ውስጥ ቀዘቀዘ።

የጂኦግራፊውን ትምህርት በጨዋታ አዘጋጀሁት። በአንድ ሰፈር አዲስ መንገድ ሊያልፍ ነው፤ ተማሪዎቹ መሐንዲስ፣ ባለሱቅ፣ ሹፌርና ነዋሪ ሆነው ካርታ ይዘው ይከራከራሉ። ተማሪ ካርታን ከልቡ የሚያነበው የሚሟገትበት ጉዳይ ሲኖረው ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። መሐንዲሷ ሃዊ ናት፤ በክርክር የሚችላት አልነበረም። የነዋሪው ካርድ የደረሰው ደግሞ ዝምተኛው ናሆም ነው።

ናሆም ሻርፑን እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣ በረጅሙ የእንጨት ማስመሪያዬ ተደግፎ እያሳለ ገባ።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ?» አለ በአማርኛ።

ሃዊ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችለት። ግማሹ ክፍል አብሯት ተነሣ።

«እኔ መንገድ አልፈልግም» አለ ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ።

«እሺ አባባ» አለች ሃዊ።

ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ምክትሏ ከኋላ ሆነው ይጽፋሉ።

«ተከራከሪው እንጂ!» አልኳት ሃዊን ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ።

«ሚስ፣ ሽማግሌ እኮ ነው!»

«ናሆም ነው!»

«አውቃለሁ፤ አሳሳሉ ግን ቁርጥ የአያቴን!»

ናሆምን ልቆጣ ዞርኩ። ከአፌ የወጣው ግን «አባባ፣ እርስዎም እስኪ ትንሽ…» የሚል ነበር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በቃ፣ ሥራዬ ሄደ አልኩ በልቤ።

ናሆም ብቻ አልሳቀም፤ ወደ ሃዊ ዞረ። «ነይ ልጄ፣ ካርታውን አሳዪኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ቁልቁለቱ በየት ነው? በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ቤቴ አይገባም?»

ሃዊ አጠገቡ በርከክ ብላ የከፍታ መስመሮቹን በጣቷ ትከተል ጀመር። ባለሱቁና ሹፌሩም መጥተው ካርታው ላይ ተደፉ።

«ይገባል አባባ» አለች በመጨረሻ፣ ጥፋቱ የእሷ የሆነ ይመስል።

ደወሉ ሲደወል መንገዱን ከኮረብታው ጀርባ አዙረውት ነበር።

«ዕቅድሽ ክርክር ይላል፤ ክርክር አላየሁም» አሉኝ ምክትሏ። «ካርታ ግን እንዲህ ሲነበብ አይቼ አላውቅም። በመስከረም እንገናኝ። አሁን ልጅቷ ለምን ከወንበሯ እንደተነሣች አስረጂኝ።»

ማስረዳት ከሆነማ ማን ይችለኛል! ኮሪደር ላይ አቁሜ ሃያ ደቂቃ አስረዳኋቸው።

ካርዱን ወደ መሳቢያው መለስኩት። ግምገማ በመጣ ቁጥር መዳፌ ዛሬም ያልበኛል። በዕቅዴ ላይ ግን «የሚያስፈልጉ ዕቃዎች» ከሚለው ሥር፣ ከካርታውና ከካርዶቹ ቀጥዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ አንድ ትርፍ ወንበር።