ሞተሯ አልተነካም

ሦስት ሴቶች ያለ ቀጠሮ ደጄ ላይ ቆመው ሳይ አባቴ እንደሞቱ አወቅሁ። ሙስካት ውስጥ ሐበሻ ሐበሻን ሳይደውል አይጠይቅም፤ ሁሉም በሰው ሥራ ላይ ያለ ነው። በማለዳ፣ ሦስት ሆነው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ከመጡ የሚጠየቅ ነገር የለም። እኔም ለሌሎች እንደዚያ ሆኜ ሄጄ አውቃለሁ። ታላቂቱ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለችኝ። የምሰፋውን አባያ ከእጄ አስቀመጥኩ።

"መቼ?" አልኳት።

"ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው።"

በእነዚያ አራት ቀናት ሁለት ጊዜ ቤት ደውዬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያነሳው ታናሽ ወንድሜ ነው። "አባባ የሉም እታለም፤ መኪናዋ ተሠርታለች፣ ከጋራዥ ሊያመጧት ሄደዋል" አለኝ። ከኋላው ብዙ ሰው ይንጫጫ ነበር። "እንግዳ አለ እንዴ?" ስለው፣ "ጎረቤት ነው" አለ። ለካ ለቀስተኛ መሀል ቆሞ ነው የሚያናግረኝ። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ከውሸት ሁሉ መርጦ ያችን መኪና ማምጣቱ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ሰው ማማት እፈራለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ካየሁት፣ የሰማሁትን ከሰማሁት ለይቼ ነው የምጽፈው።

ይህ ያየሁት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ ነበር። አባባ ያችን ሰማያዊና ነጭ ታክሲያቸውን አሁንም ፒያሳ ላይ ይነዳሉ። ከአውሮፕላን ጣቢያ ሲወስዱኝ ጠዋት ነበር፤ ሞተሩ ገና እንደተነሳ ጠክ ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ልክ ዘይት ያጣ የስፌት መኪና። ቤት ስንደርስ ራሴን አሞኝ ነበር። የመንገድ ድካም ነው አልኩ። በማግስቱም አብሬያቸው ወጣሁ፤ በማግስቱም አመመኝ።

"ጢሱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው አባባ፤ አይሸትዎትም?"

"ለምዶብኝ ይሆናል" አሉ። "ኧረ ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ብረቱ ሰፍቶ ራሱ ይደፍነዋል።"

ይህስ እውነት ነበር፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፁ ይጠፋል። እኔ ግን ነዝንዤ ጋራዥ ወሰድኳቸው።

ጋራዡ ከውቤ በረሃ ወረድ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ነበር። መካኒኩ ምላሱ የፈጠነ የአራዳ ልጅ ነው፤ እጁም እንደ ምላሱ። የማርሚታውን፣ የጢስ ማውጫውን፣ ጫፍ በጨርቅ ወትፎ ሞተሩን አስነሳና ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ጣቱን እንደተቃጠለ ሰው እየነቀነቀ ቀና አለ።

"ፋዘር፣ ማርሚታው ጤነኛ ነው። ያስቸገረው ማኒፎልዱ ነው፤ ጢሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ታች የሚያወርደው ይሄ ብረት። ከያዙት ብሎኖች አንዱ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል።"

"አውጣዋ ታዲያ።"

"በጸሎት ካልሆነ በመፍቻ አይወጣም። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት፤ እዚያ በማሽን ቦርቡረው ያወጡታል።"

ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው። እሱን ማውረድ ማለት ሞተሩን መክፈት ማለት ነው። አባባ ፊታቸው ተለወጠ።

"ሞተሯ አልተነካም እኮ! እኔ እጅ ከገባች ጀምሮ ማንም አልከፈታትም!"

"ሙሽራ አደረጓት እኮ!" አለ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር፣ ሻዩን እንደያዘ። "ታዲያ ጥሎሿን ለማን ነው የምንሰጠው?"

ግቢው ሁሉ ሳቀ።

"አፍህን ሰብስብ፣ ልጄ ቆማለች" አሉ አባባ፤ እሳቸውም ግን ሳቅ እያመለጣቸው ነበር።

ይህን ነገር የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው የሚረዳው። ሌላ ቦታ መኪና ሲሸጥ ምን ተሠራላት ብለው ይጠይቃሉ፤ እኛ ዘንድ "ሞተሯ ተነክቷል?" ነው። የተነካ ሞተር ስሟ እንደጠፋ ሴት ነው። አባባ አንድ ቀን ሸጬ እረፍት አደርጋለሁ ይሉ ነበር፤ ያን ቃል በሙሉ አፋቸው ለመናገር ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስቀመጧት።

መካኒኩ ሳቁን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው። ቀዳዳዋ ያለችው በመጥፎ በኩል ነው። ንፋሱ ወደ መኪናዋ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው ጢሱን የምትተፋው። ክረምት መጥቶ መስኮት የተዘጋ ዕለት ይሄ ጢስ ቀልድ አይደለም፤ ሰው ይገድላል።"

ሁሉም ያዩኛል። አባባም ያዩኛል። በወንዶች ፊት አባትን መቃወም በኛ ቤት የለም። ለመመለስም ስድስት ቀን ነበር የቀረኝ፤ ስድስቱን ቀን ተኳርፈን ልናሳልፍ ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና፣ "አባባ ያሉት ይሁን" አልኩ።

አደብ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አደብ ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቴን የአደብ ልብስ አለበስኩት። አላህ ዘንድ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

መካኒኩ ትከሻውን ነቀነቀ። በብረቶቹ መሀል የሚገባውን የጋስኬት ወረቀት ማኒፎልዱ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ቆረጠው፤ በቀሩት ብሎኖች አጥብቆ አሰረው፤ ብሎኑ የጎደለበትን በላስቲክ መሰል ሙጫ ደፈነ። ሲያስነሳት ድምፅ የለም። አባባ እንደ ልጅ እያጨበጨቡ፣ "አየህ? ሳትነካ!" አሉት። "ለሳምንት እግዜር ያውቃል" አላቸው እሱ።

ሳምንትም አልቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ ሥላሴ የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ፣ ጠክ ጠክ አለች። ተያየን። አባባ ሬዲዮውን ጮክ አደረጉት። እኔም ሳልናገር መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

ሙስካት ከተመለስኩ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ወንድሜን እጠይቀው ነበር። "መኪናዋስ?" "ተሠራች።" "ቴስታታው ወረደ?" "ተሠራች አልኩሽ እኮ እታለም፣ አንቺ ለራስሽ ዱአ አድርጊ።" ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ሩቅ ያለ ሰው አይጨነቅ ብሎ ነው። እኔም ማመኑ ስለተመቸኝ አመንኩት።

ከዚህ በታች ያለው የሰማሁት ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ በሚወርድበት ጠዋት፣ አባባ ከድሮው አትክልት ተራ ጎን መኪናቸውን አቁመው አንዲት ደንበኛቸውን ይጠብቁ ነበር። ሴትየዋ ስትመጣ መሪው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ሰው ተጠራ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሐኪም ቤት ደረሱ፤ አልቆዩም። "ልብ ነው" ተባለ። ዕድሜያቸውም የሚያስጠረጥር አልነበረም። በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ፤ የጠየቀ የለም።

መኪናዋ ወር ሳይሞላ ተሸጠች። "ምን ብላችሁ ሸጣችኋት?" አልኩት ወንድሜን። "ሞተሯ አልተነካም ብለን" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ለሦስት ወር አላናገርኩትም፤ ከዚያ ወንድምን ማኩረፍ ኃጢአት ስለሆነ ደወልኩ። ግን እንደ ድሮው አይደለንም። ያ ጋራዥ ያለበት ግቢም ዛሬ የለም፤ አካባቢው ፈርሶ መንገድ ሆኗል። መካኒኩን ያገኘው የለም።

የሞት ቀን ከተጻፈበት እንደማያልፍ አምናለሁ። ይህን ሊያስተምረኝ የሚነሳ ሰው ዝም ቢለኝ ደስ ይለኛል። ቀኑን አይደለም የምጠይቀው፤ የራሴን ድርሻ ነው። ልባቸው ከሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዱአዬ ሌላ ነው። ጢሱ ከሆነ ግን፣ ጋራዡ ውስጥ ለተናገርኳት ቃል ምሕረት እለምናለሁ። ሳላውቅ በግምት መለመን አቅቶኛል።

እናንተ በዚያ ጠዋት እዚያ የነበራችሁ፣ አንቺ ደንበኛቸው፣ በሩን ከፍታችሁ ያወጣችኋቸው ወንድሞች፦ ሞተሩ እየሠራ ነበር? መስኮቶቹስ ተዘግተው ነበር? ታዝናለች ብላችሁ አታሳምሩልኝ። ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።