የማነጻጸሪያ ቀበሌ

ፊደል የቆጠርኩት ሦስት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ጥናት የሚሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆሳዕና በባጃጅ መጥቶ "ማንበብ የሚችል፣ ቤቱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ" ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ እኔ ጠቆመ። የጥናቱን ነገር ለማንም እንዳልናገር የሚል ወረቀት ሰጡኝ። በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ስሜን መጻፍ አስክሮኝ ከላይ ያለውን በቅጡ አላየሁትም።

ጥናቱ አጠውልግ ስለሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ ከዚያ ጓሮው ይከተላል። በእኛ ወረዳ በሌሞ እንሰት አለቀ ማለት ቤቱ አለቀ ማለት ነው። የእኔም ጓሮ ጀምሮት ነበር።

ቤት ለቤት ዞርኩ። ስንት እንሰት አላችሁ? ስንቱ ታመመ? ቢላዋ ትዋዋሳላችሁ? ጎረቤቶቼ ለመድኃኒት የምመዘግባቸው መስሏቸው የወገብ ሕመማቸውን ሳይቀር ነገሩኝ።

በበልግ አንድ ቀን መምህሩ ወረቀቶቹን አስይዞኝ ስልክ ሊያናግር ወጣ። አነበብኩ። በጣቴ እየተከተልኩ ስለማነብ ቀርፋፋ ነኝ፤ ግን አልዘልም። ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌ "ትምህርት የሚሰጠው" ይላል። የእኛ "የማነጻጸሪያ" ይላል። ትምህርቱም ተጽፏል፦ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ሌላ ከመቁረጥ በፊት ቢላዋውን በእሳት ማሳለፍ። በቃ። እሳት! በየቤታችን የሚነደው እሳት!

ሲመለስ "እኛስ መቼ ነው የምንማረው?" አልኩት።

"ጥናቱ ሲያልቅ፣ ጋሼ።"

"ያኔ እንሰቱም ያልቃላ!"

"ለእናንተም ከተነገረ ልዩነቱ በምን ይታያል? ማነጻጸሪያ ከሌለ ጥናት አይሆንም። ደግሞ ፈርመዋል እኮ።"

ፈርሜያለሁ። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም፤ ለእሷ መንገር ለገበያው መንገር ነው። በተዋሰችው ቢላዋ ከታመመው ወደ ደህናው ስትሄድ እያየሁ፣ አፌን ይዤ ሰው ቤት እሄዳለሁ፤ ስንት ታመመባችሁ ብዬ ልጠይቅ።

በመጨረሻው ዙር እኔ ቤት መምህሩ ራሱ መጥቶ ሚስቴን ጠየቀ፤ ሰው የራሱን ቤት ቅጽ አይሞላም።

"እናቴ፣ ቢላዋውን በእሳት ያሳልፋሉ?"

"በእሳት? ለምን? ልጠብሰው ነው?" ብላ ሳቀች።

"አላሳልፍም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ሚስቴ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ።

"አንተ የተማርከው" አለችኝ በሀዲይኛ፣ "ሰውዬው ምን ማለቱ ነው?"

ነገርኳት። እሱ ፊት፣ አንድም ሳላስቀር። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከበልግ።"

መምህሩ ወረቀቱን አጠፈ። "ልዩነቱ በደንብ ታይቷል" አለኝ፣ የሚያጽናናኝ መስሎት።

ሚስቴ ወደ ጓሮው ዞረች። ከበልግ ወዲህ የነቀልናቸውን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ጣቶቿ አለቁ። እንደገና ጀመረች።